ሁለት ጊዜ ቀባሁት፣ ሁለቴም ተላጠ (የቤዝመንት ውሃ)

ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝመንታችን ውሃ ያስገባል። ጎርፍ አይደለም። ዝናብ ከጣለ በኋላ በአንደኛው ጥግ፣ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ይረጥባል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይመጣል። ዝናቡ ከበረታ ኩሬ ይሠራል። አምና ውሃ አያሳልፍም የተባለ ቀለም ገዝቼ ግድግዳውን በሙሉ ቀባሁት። ሦስት ወር ቆየ። ከዚያ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ በጣቴ ጫን ሳደርገው ፈርጦ ውሃ ፈሰሰ። ፍቄ አውጥቼ ሌላ ዓይነት ቀባሁ። እሱም ያው። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልቀባ ስለሆነ የትኛው እንደሚይዝ የሞከራችሁ ንገሩኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ተለስኗል። ከታች በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ሻጋታ መስሎኝ በበረኪና እጠርገዋለሁ፣ በሳምንቱ ይመለሳል።

ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ደግሞ ዝናብ ሳይኖርም ያልበዋል። እሱንም አብሬ ልቀባው ነው።

ኩርፊያ፦
ሦስተኛውም ይላጣል።

ጠብታ፦
አመሰግናለሁ፣ በጣም ጠቀምከኝ።

ውሃልክ፦
ኩርፊያ እንደ ልማዱ አሳጠረው እንጂ ያለው ልክ ነው። ወንድሜ፣ የቀለሙን ነገር ለጊዜው ተወው። ባልዲ ቢቀደድብህና ከውስጥ በኩል ብትለጥፍበት ውሃው ራሱ ልጣፉን ቀዳዳው ላይ ይጫንልሃል። ከውጭ በኩል ብትለጥፍ ግን ውሃው ገፍትሮ ይጥለዋል። ቤዝመንት ደግሞ የተገላቢጦሽ ባልዲ ነው። ውሃው ያለው ውጭ፣ አንተ የምትለጥፈው ውስጥ። ግፊቱም ቀላል እንዳይመስልህ፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው አፈር ጠግቦ ውሃው ከወለልህ በላይ 1 ሜትር ከቆመ፣ ከታች ያለው ግድግዳ በካሬ ሜትር ወደ 1 ቶን ይገፋል። ይሄን ቀለም አይችለውም።

ነጩ ዱቄት ምናልባት ጨው ነው። ውሃ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ሲያልፍ ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወጣል፣ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ትንሽ ውሃ አድርግበትና እየው። ከሟሟ ጨው ነው፣ ሻጋታ አይሟሟም። ጨው ከሆነ በረኪናው ምንም አያደርገውም፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረገው። ከመጥረግህ በፊት ግን የት የት እንዳለ በእርሳስ ክበብበት። ውሃው የሚመላለስበትን መንገድ እሱ ነው የሚያሳይህ፣ ካርታ በለው።

ጠብታ፦
ወንድሜ አይደለሁም፣ እህትህ ነኝ። ሞከርኩት፣ ሟሟ። እሺ ጨው ነው። ታዲያ ቀለም ካልሆነ ምን ላድርግ? አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ ወለሉን በግድግዳው ዙሪያ ሰብረን ቱቦ እንቅበርና ፓምፕ እናስገባ አለኝ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ወደ ውጭ ወጥቶም አላየም።

ሰኞ_ማታ፦
ኧረ ተይ! እኔን ያየ ይቀጣ። ልክ እንደዚህ ብለውኝ ወለሉን አሰበርኩ፣ ቱቦው ተቀበረ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፑ ገባ። ሥራው በሥራነቱ መጥፎ አልነበረም፣ ውሃውንም ይይዘዋል። ግን ፓምፑ ቀንም ሌሊትም አያርፍም። ዝናብ ካቆመ በሁለተኛው ቀን እንኳ ሲያጓራ ይሰማኛል። በኋላ አንድ ዘመድ መጥቶ በቤቱ ዙሪያ ዞር ዞር አለና ከት ብሎ ሳቀ። ሠራተኞቹ የፓምፑን መውጫ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ነው የተዉት። ያው ውሃ ነው ለካ ስድስት ወር ሙሉ ሲዞር የነበረው። ይወጣል፣ ይሰርጋል፣ ተመልሶ ይገባል። መውጫውን ወደ ታች ወደ ተዳፋቱ ርቆ እንዲፈስ አስረዘምነው፣ ፓምፑም ዝም አለ። አሁን ከባድ ዝናብ ሲሆን ብቻ ነው የሚነሳው።

ውሃልክ፦
ይቅርታ እህቴ። ሰኞ_ማታ የሚለውን ልብ በይ። ፓምፕ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ከምድር ውስጥ ውሃ የሚመጣበት ቤት ያለ እሱ አይሆንም። ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚገባ ፓምፕ፣ በሽታው ሳይመረመር የሚዋጥ ክኒን ነው።

ወደ ቤዝመንት ውሃ የሚገባበት መንገድ ብዙ አይደለም። አንደኛው ከጣሪያና ከግቢ የሚመጣ ነው፣ ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ይታያል። ሁለተኛው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ነው፤ እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ዝናብ ካቆመም በኋላ ቀናት ይቆያል፣ በአንድ ጥግ ሳይሆን በወለሉ በብዙ ቦታ ይወጣል። ሦስተኛው የራስሽ ቧንቧ ወይም ፍሳሽ ነው፣ እሱ ዝናብ አይጠብቅም። አራተኛው ከአየሩ የሚመጣ ላብ ነው። ያንቺ ጥግ አንደኛውን ይመስላል፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አራተኛውን። ግን መገመት አያስፈልግም፣ መፈተን ይቻላል።

ለሚያልበው ግድግዳ፦ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ላስቲክ ቁረጪ፣ ግድግዳውን በደንብ አድርቀሽ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አጥብቀሽ ለጥፊው፣ አንድ ሁለት ቀን ተዪው። ውሃው ከላስቲኩ ፊት፣ ማለት ወደ ክፍሉ ባለው በኩል ከተገኘ ከአየሩ ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ከግድግዳው ነው። በሁለቱም በኩል ከሆነ ሁለት ሥራ አለብሽ።

ለጥጉ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ውጪ። በቃ። ከውጭ ሆነሽ ውሃው የት እንደሚሄድ እይ። ሰው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ በጨርቅና በባልዲ ወደ ታች ይሮጣል፣ መልሱ ግን ያለው ላይ ነው።

የቧንቧ_ልጅ፦
ቧንቧውን ሳትፈትኑ ወደ ቁፋሮ አትሂዱ እባካችሁ። ስንቱን ግድግዳ በከንቱ ሲያፈርሱ አይቻለሁ። ማታ ሁሉም ሰው ሲተኛ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዝጉ፣ የሽንት ቤቱን ገንዳ የሚሞላውንም ጭምር። የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱት። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና አንሱት። ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን የፍሳሹ መስመር ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ፍሳሽ በቆጣሪ አያልፍም። እሱን ለማወቅ ከላይ ያለውን መታጠቢያ ሞልታችሁ አንድ ጊዜ ልቀቁት፣ ታች ሰው ቆሞ ይጠብቅ።

ሽታ ካለው ደግሞ አትንኩት። በወለሉ ማስወረጃ በኩል ወደ ላይ የሚመለስ ውሃ የዝናብ ውሃ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ጓንትና ቦቲ ያስፈልጋል፣ ልጆችንም አርቁ። መስመሩ ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ማስገባት ነው መፍትሔው።

ግንበኛው፦
እኔ ሥራዬ ነው፣ በግልጽ ልናገር። ትክክለኛው መፍትሔ አንድ ነው፣ ከውጭ መቆፈር። እስከ መሠረቱ ድረስ ቆፍረህ ግድግዳውን አጥበህ፣ ስንጥቁን ደፍነህ፣ ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን) ትለብጥበታለህ፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ውስጥ ትቀብራለህ፣ ጭቃ እንዳይደፍነው ማጣሪያ ጨርቅ ታለብሰዋለህ፣ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ እንዲያዘቀዝቅ አድርገህ ራቅ ወዳለ ቦታ ታስወጣዋለህ። የቀረው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

ኩርፊያ፦
መዶሻ የያዘ ሰው ሁሉም ነገር ሚስማር ይመስለዋል። ገና አሸንዳውን ያየ ሰው የለም እኮ፣ አንተ መሠረት ልታስቆፍራት ነው።

ግንበኛው፦
አሸንዳውን አትይ አላልኩም። ከውስጥ የሚለጠፍ ነገር አይሠራም ነው ያልኩት።

ዝምተኛ_አንባቢ፦
ስለ ቁፋሮ ከተነሳ አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ዓመት ራሴ እቆፍራለሁ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ጀመርን። ደረቴ ድረስ ከደረስን በኋላ ለምሳ ወጣን። ስንመለስ አንደኛው ወገን ተንዶ እኔ ቆሜበት የነበረውን ቦታ ሞልቶታል። አካፋዬ ከታች ቀረ። ከዚያ ወዲህ አካፋ ሳይ ያንን ቀን አስታውሳለሁ።

ግንበኛው፦
እግዚአብሔር አተረፋችሁ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን አያንስም፣ እርጥብ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። ደረትህ ድረስ እንኳ ከያዘህ መተንፈስ ሊያቅትህ ይችላል። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ከደረሰ ያለ ድጋፍ እንጨት ወይም ጎኑን ሳታንጋድድ አይገባም፣ የቆፈርከውንም አፈር ጠርዙ ላይ አትከምርም። ሌላም አለ። ከመሠረቱ እግር በታች እንዳትወርድ። ቤቱ የተቀመጠበትን አፈር ነው የምታወጣው። የግድግዳውንም ርዝመት በአንድ ጊዜ አትክፈተው፣ በክፍል በክፍል ሥራው። ካልቻልክ ለሚችል ስጥ። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ጠብታ፦
እሺ፣ ሁሉንም ሞክሬ መጣሁ። ሪፖርት ልስጥ።

ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም። ላስቲኩን ሁለት ቀን ለጠፍኩት። የሚያልበው ግድግዳ ላይ ውሃው በፊት በኩል ነው ያለው፣ ጀርባው ደረቅ። በእርጥቡ ጥግ ደግሞ ተቃራኒው፣ ላስቲኩ ከጀርባው ጠብ ጠብ ይላል። ትናንት ማታ ዘነበ፣ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ ጎረቤት አይቶኝ ምን ሆነች ሳይል አይቀርም። ያየሁት፦ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ በዚያው በእርጥቡ ጥግ ነው የሚወርደው። ወርዶ መሬት ውስጥ ይገባል። ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ቦይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፣ አባቴም እንደዚያ ነው የሚሉት። ቦዩ ጋ ሄጄ የቱቦውን ጫፍ አየሁት። ዝናቡ እየወረደ ጫፉ ደረቅ ነው! ጠብታ የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?

ውሃልክ፦
ታች ቤት።

ኩርፊያ፦
ሦስተኛውን ቀለም ለቱቦው ቀቢው።

ውሃልክ፦
ቁጥሩን አስቢው እስቲ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። የጣሪያሽ ግማሽ ወደዚያ ቱቦ የሚፈስ ከሆነና ግማሹ 50 ካሬ ቢሆን፣ አንድ ደህና ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,000 ሊትር ነው። አምስት ትልልቅ በርሜል ውሃ አምጥተሽ በአንድ ጥግ፣ ከግድግዳው ጀርባ መድፋት ማለት ነው። ማንኛውም ቤዝመንት ያስገባል።

ለማረጋገጥ ዝናብ አትጠብቂ። ደረቅ ቀን ላይ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ወስደሽ የመውረጃው አፍ ውስጥ ክተቺና ክፈቺው፣ ታች ሰው አስቀምጪ፣ ሰዓት ያዢ። ሌሎች ቦታዎችንም ስትፈትኚ አንድ ቦታ ብቻ በአንድ ጊዜ፣ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ፣ በየቦታው 15 ወይም 20 ደቂቃ። ሁሉንም አንድ ላይ ካረጠብሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ጠብታ፦
ወንድሜን ታች አስቀመጥኩት። በ12 ደቂቃ ጮኸ።

የድሮ_ሰው፦
ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን አቋረጥኩ። ዛሬ ሌሊት ጎርፍ ገብቶብኝ ቤዝመንቱ ሞልቷል። ከደረጃው ስድስት እርከን ውሃ ውስጥ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ተውሼ መጥቻለሁ። አሁን ልወርድና ፓምፑን ደረጃው ላይ አድርጌ በአንዴ ላወጣው ነው። የምትሉኝ ካለ ቶሎ።

ውሃልክ፦
ጋሼ፣ እባክዎ አይውረዱ። መጀመሪያ መብራት። ሶኬቶቹ ውሃ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ዋናውን ማጥፊያ ደረቅ ቦታ ቆመው የሚደርሱበት ከሆነ ያጥፉት። ማጥፊያው ያለው እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ከሆነ ወይም እግርዎ እርጥብ ላይ ከሆነ አይንኩት፣ የመብራት ሠራተኞች ከውጭ እንዲቆርጡልዎ ይደውሉ። ጋዝ ካለም እንደዚሁ።

ግንበኛው፦
ሁለተኛ፣ የቤንዚኑን ፓምፕ ደረጃ ላይ አያስቀምጡት። ጭሱ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለው፣ ሳይታወቅዎት ይጥልዎታል። ሞተሩ ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቁም፣ ጎማው ብቻ ይውረድ።

ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአንዴ አያውጡት! ውጭ ያለው አፈር አሁን ጠግቧል፣ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቤዝመንቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ያንን ግፊት እየመለሰ ያለው። በአንዴ ባዶ ካደረጉት ግድግዳው ሊገባ፣ ወለሉም ሊነሳ ይችላል። የውጩ ጎርፍ ከሄደ በኋላ ወደ 30 ሴንቲ ያህል ያውጡ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ያቁሙ፣ ይደሩ። ጠዋት ከምልክቱ በላይ ወጥቶ ካገኙት ገና ነው፣ ሌላ ቀን ይጠብቁ። ካልወጣ ደግሞ ሌላ 30 ሴንቲ።

የድሮ_ሰው፦
ሦስቱንም ስህተት ልሠራ ነበር። እሺ ልጆች። የመብራት ሰዎች ጋ እየደወልኩ ነው።

ሰኞ_ማታ፦
ጋሼ ሲደርቅልዎ ካርቶን፣ ፍራሽ፣ ምንጣፍ የነካውን አይራሩለት፣ ያውጡት። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። በረኪና ከተጠቀሙም ብቻውን፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ጠብታ፦
ጋሼ እንኳን ጻፉ። እኔ ቱቦውን በመከተል ቆፈርኩ፣ ጉልበቴ ድረስ እንኳ አይደርስም፣ ግንበኛው አትቆጣኝ። ከግድግዳው አንድ ክንድ እንደራቀ ጎሚቶው (የቱቦው መታጠፊያ) ተላቋል። ጨርሶ ተለያይቷል፣ በመሃሉ የዛፍ ሥር ገብቶበታል። ከዚያ የሚቀጥለው ቱቦ በጭቃ ተሞልቷል። ስንት ዓመት እንደዚህ እንደኖረ እንጃ። እና ሌላም ነገር አየሁ፣ ከቤቱ ጎን የሚሄደው የሲሚንቶ መሄጃ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቤቱ ነው ያዘነበለው። ውሃ ደፋሁበት፣ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ።

ግንበኛው፦
አልቆጣም፣ ጎበዝ ነሽ። መሄጃው የሚሰምጠው ቤቱ ሲሠራ በግድግዳው ዙሪያ የተመለሰው አፈር በደንብ ስላልተጠቀጠቀ ነው። በጣም የተለመደ ነው። ቱቦውን አዲስ ቀይሪው፣ ወይም የተቀበረውን ትተሽ ከመሬት በላይ አስረዝመሽ ከግድግዳው ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቀሽ ልቀቂው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሚታይ ቱቦ ሲበላሽ ይታያል።

ዙሪያውን ያለውን አፈር ደግሞ አስተካክይ። ከግድግዳው 3 ሜትር እስኪርቅ ድረስ ቢያንስ 15 ሴንቲ መውረድ አለበት። ሁለት ችካል ተክለሽ ገመድ ወጥሪ፣ በውሃ ልክ አስተካክይው፣ ከገመዱ እስከ መሬት ለኪ። የምትሞዪው አፈር አሸዋ እንዳይሆን፤ አሸዋ ውሃውን ይውጠዋል። ሸክላማ አፈር በየንብርብሩ እየጠቀጠቅሽ። ግን ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ እንጨትና የአየር መተንፈሻ እንዳትቀብሪ። በመሄጃውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ሳይሆን በሚለጠጥ ማጣበቂያ ዝጊው፣ ሲሚንቶው እንደገና ይሰነጠቃል።

ዝምተኛ_አንባቢ፦
ስንጥቅ ሲነሳ፣ እኔ ግድግዳ ላይ ሁለት አለ። አንዱ ከላይ ወደ ታች ፀጉር የሚያህል፣ እሱ ውሃ ያለቅሳል። ሌላው በግድግዳው ወገብ ላይ አግድም የሚሄድ ነው፣ ደረቅ ነው። ደረቁን ትቼ የሚያለቅሰውን ልድፈን?

ግንበኛው፦
የሚያስፈራኝ ደረቁ ነው። ቀጭን ቁልቁል ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የሚመጣ መኮማተር ነው። አግድሙ ግን አፈሩ ግድግዳውን ወደ ውስጥ እየገፋው እንደሆነ ይናገራል። ቱንቢ አውርድበት። ሆዱ ወደ ውስጥ ከወጣ በሳምንቱ ሳይሆን ነገ መሐንዲስ ጥራ። ቱንቢው ልክ ቢሆንም የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገህ ቀን ጻፍበት፣ ስፋቱንም ለካ። ከወር በኋላ ሄዶ ካገኘኸው ሕያው ነው። መሐንዲሱ እስኪያይ ግን አትድፈነው፣ ማስረጃህን ትቀብራለህ።

የሚያለቅሰው ግን ይደፈናል። ውሃ እየመጣበት ከሆነ ቶሎ የሚጠነክረው ሲሚንቶ አለ፣ በሦስትና በአምስት ደቂቃ ይይዛል፣ ስለዚህ በእፍኝ በእፍኝ ነው የሚቦካው። ስንጥቁን በመሮ ስትከፍተው አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ አድርገው። የብዙ ሰው ስህተት አፉን ሰፊ፣ ውስጡን ሹል ማድረግ ነው፤ እንደ ሽብልቅ ውሃው ገፍቶ ያወጣዋል። ግድግዳው ኮንክሪት ከሆነ ስንጥቁ ውስጥ በመርፌ የሚገባ መሙያም አለ። ፖሊዩሪቴን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለጠጣልም፣ እርጥብ ላይ ይሠራል። ኢፖክሲ ድንጋይ ይሆናል፣ ያጠነክራል፣ ግን ደረቅ ስንጥቅ ይፈልጋል። ብሎኬት ላይ መርፌው ብዙ አይረዳም፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ዝም ብሎ ይውጠዋል።

ሰኞ_ማታ፦
ጠብታ፣ የሚያልበውን ግድግዳ ምን አደረግሽው? እኔ መስኮቱን ሁልጊዜ ክፈቺው እላለሁ፣ አየር ሲገባ ይደርቃል።

ውሃልክ፦
ሁልጊዜ አይደለም። ውጭው ሞቃትና ወበቃም ሲሆን መስኮት መክፈት ያባብሰዋል። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ከውጭ ያልበው የለ? ብርጭቆው አልተሰነጠቀም። የቤዝመንት ግድግዳም እንደዚያው ቀዝቃዛ ነው፣ ሞቃት እርጥብ አየር ሲነካው ያልበዋል። ውጭው ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ነው መክፈት። በተረፈ መዝጋትና እርጥበት መምጠጫ ማሽን ማስቀመጥ። እርጥበት መለኪያ ትንሽ ነገር ነው፣ ከ60 በመቶ በታች አቆዪው። ቁምሳጥንና ሳጥን ግድግዳ ላይ አትለጥፊ፣ አንድ ጭብጥ ያህል አርቂ፣ አየር ይለፍበት። ብርድ ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ካለም ስፖንጅ አልብሽው። አንድ ጥያቄ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?

ጠብታ፦
ልብስ አሰጣለሁ።

ውሃልክ፦
በቃ፣ ጨርሰናል።

ኩርፊያ፦
ግድግዳው እሷን ነበር ልቀባሽ ማለት የነበረበት።

ጠብታ፦
(ከአምስት ሳምንት በኋላ) ተመለስኩ። ልብሱን ወደ ላይ አወጣሁት፣ ማላቡ በሳምንት ውስጥ ጠፋ። ቱቦውን ግንበኛው እንዳለው ከመሬት በላይ አድርጌ ሦስት ሜትር አራቅኩት፣ አፈሩንም ሞላሁ። መሄጃውን አስፈርሼ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አሠራሁት፣ ከሁሉም ያደከመኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ዘነበ፣ አንዱ ከባድ ነበር። ጥጉ ደረቅ ነው። በከባዱ ዝናብ ግን ውሃ ቧንቧው ግድግዳውን አልፎ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ መዳፍ የሚያህል እርጥብ አየሁ። በፊት ከኩሬው ጋር ተቀላቅሎ አይታይም ነበር።

የቧንቧ_ልጅ፦
እሱ ቀላል ነው። በቧንቧውና በብሎኬቱ መካከል ያለውን አሮጌ ሲሚንቶ ፍቀሽ አውጪ፣ ከውጭም ከውስጥም በሚለጠጥ ማጣበቂያ ሙዪው። ቧንቧ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ይሳባል፣ ደረቅ ሲሚንቶ አይከተለውም። ደርቆ ሳለ ሥሪው።

ጠብታ፦
እሺ። እና አትሳቁብኝ፣ አሁንስ መቀባት እችላለሁ?

ግንበኛው፦
ገና። የተላጠውን ቀለም በሙሉ ፍቀሽ አውርጂ፣ የላላውንም ልስን ጭምር፣ መዶሻ ስትመቺው ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን። ግድግዳው እርቃኑን ይቆይ። ብሎኬቱ ውስጥ የተከማቸ ውሃ በወራት ነው የሚወጣው፣ ጨውም እያወጣ ይቆያል፣ እሱን በብሩሽ ብቻ ጥረጊው። ጨው ማውጣት ሲያቆም፣ አየር የሚያሳልፍ ተራ ቀለም ቀቢ። ውሃ አያሳልፍም የሚባለውን እንዳታመጪው።

የድሮ_ሰው፦
ልጆች፣ እኔም ላሳውቃችሁ። አራት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ከምልክቴ አራት ጣት ወጥቶ አገኘሁትና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ግድግዳው ቆሟል። አንድ አግድም ስንጥቅ አይቼበታለሁ፣ በእርሳስ ቀን ጽፌበታለሁ፣ መሐንዲሱ ሐሙስ ይመጣል።